ቻርጀር ስትገዙ መጀመሪያ ድንጋዩን እዩ

ሥራዬ ሰርግ መቅረጽ ነው። ፎቶም ቪዲዮም እሠራለሁ። ከካሜራው ቀጥሎ ቦርሳዬን የሚያከብደው ባትሪ ነው። ፍላሹ አራት ዳብል ኤ ድንጋይ ይበላል። የሙሽራው ኮት ላይ የምንሰካው ገመድ አልባ ማይክ ሁለት ይፈልጋል። የፍላሹ ሪሞት ቀጭኑን፣ ትሪፕል ኤውን ነው የሚወስደው። ጊምባሉ (ካሜራው እንዳይንቀጠቀጥ የሚይዘው እጀታ) እና የእጅ ባትሪው 18650 በሚባለው ወፍራም ሊቲየም ይሠራሉ። ኤልኢዲ መብራቱ የራሱ ጠፍጣፋ ባትሪ አለው። አንድ አሮጌ ማይክ ደግሞ አለኝ፤ እሱ ባለ 9 ቮልት አራት ማዕዘኑን ካላገኘ አይነሳም።

ይህን ሁሉ በምን ልሙላው የሚለው ጥያቄ ብዙ ብር አስወጥቶኛል። የምጽፈው ሌላው ሰው በዚያው መንገድ ኪሱን እንዳያራግፍ ነው። ሰርግ ባትቀርጹም ቤታችሁ ሪሞት፣ የልጅ መጫወቻና የእጅ ባትሪ ካለ ነገሩ እናንተንም ይነካል።

ድሮ አንዴ ተጠቅመን የምንጥለውን ድንጋይ ነበር የምገዛው። ጥር ላይ ሰርግ በሰርግ ላይ ሲደራረብ ለድንጋይ የሚወጣው ብር ለረዳቴ ከምከፍለው ጋር መፎካከር ጀመረ። ስለዚህ ወደሚሞላው ዞርኩ። ባለሱቁ አራት ድንጋይና ቻርጀር ባንድ ላይ የታሸገ አወጣልኝ። ቻርጀሩ ቀለል ያለ ነው። ቀጥታ ሶኬት ላይ ይሰካል፤ አንዲት ቀይ መብራት አለችው፤ በቃ። "መቼ ነው የሚሞላው?" ስለው፣ "ማታ ሰክተኸው ተኛ፣ ጠዋት ሞልቶ ይጠብቅሃል" አለኝ።

ለጊዜው ጥሩ ነበር። ቆይቶ ግን ፍላሹ መዘግየት ጀመረ። አንድ ፎቶ ካነሳሁ በኋላ እስኪሞላ አፍጥጬ እጠብቃለሁ። አንድ ሰርግ ላይ ሙሽሮቹ የሙሽሪትን አባት ጉልበት ለመሳም ጎንበስ አሉ። ሰውየው ሲያለቅሱ ይታየኛል። ተጫንኩ፤ ፍላሹ ዝም። ያ ፎቶ ጨለማ ሆኖ ቀረ። ጉልበት ድገሙልኝ አይባል ነገር።

ጥፋቱ ሁሉ የድንጋዩ መሰለኝ። ትልቅ ቁጥር የተጻፈበት ሌላ ድንጋይ ተገዛ። እሱም ጥቂት ወር ሠርቶ ያው ሆነ። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሄድበትን መንገድ ነው የሄድኩት። ድንጋይ ሲደክም ድንጋይ መቀየር። ቻርጀሩን የሚጠረጥረው የለም፤ መብራቱ እስከበራ ድረስ ጤነኛ ይመስላል።

ነገሩ የተገለጠልኝ ፒያሳ አካባቢ የድምፅ ዕቃ የሚጠግኑ አንድ አዛውንት ጋ ማይክ ይዤ የሄድኩ ቀን ነው። ማይኩን ከፈቱና ምንም አላገኙበትም። ከዚያ ድንጋዮቹን አውጥተው አንድ በአንድ በቴስተር ለኩ። የፍላሹንም አምጣ አሉኝ። ከአራቱ ሦስቱ 1.3 ቮልት አካባቢ አሳዩ። አንዱ ግን 1 ቮልት እንኳ አልሞላም።

"ሁሉንም አንድ ላይ ነው የምትሞላቸው?" አሉኝ።

"አዎ ጋሼ፣ ሌሊቱን ሙሉ ተሰክተው ነው የሚያድሩት።"

"ቻርጀሩ ላይ ስንት መብራት አለ?"

"አንድ።"

ሳቁ። "እንግዲህ አንዱን እያበሰልክ ሌላውን ጥሬውን እያወጣኸው ነው።"

ያስረዱኝ እንዲህ ነው። ርካሹ ቻርጀር ድንጋዮቹን ጥንድ ጥንድ አድርጎ በተከታታይ ያገናኛቸዋል። ሁለቱም እኩል ኤሌክትሪክ ለእኩል ሰዓት ያገኛሉ። ግማሹ የቀረውና ባዶ የሆነው አብረው ሲገቡ፣ የመጀመሪያው ሞልቶም መቀበሉን ይቀጥላል፤ ሁለተኛው ሳይሞላ ይወጣል። ምስርና ባቄላ ባንድ ድስት እንደመቀቀል ነው። ባቄላው እስኪበስል ምስሩ ይፈርሳል። ከዚያ ፍላሹ ውስጥ አራቱ ሲሰለፉ ደካማው ቀድሞ ያልቃል። ቀሪዎቹ ሦስቱ በእሱ ላይ ኤሌክትሪክ እየገፉ ጭራሽ ይገድሉታል። ማይኩም ፍላሹም ሳይበላሹ የተበላሹ የሚመስሉት ለዚህ ነው።

ቀጥለው የጠየቁኝ ግን ዛሬም ለሰው ሁሉ የምጠይቀው ሆኗል። "መብራት ሲሄድና ሲመጣ ምን ያደርጋል?"

አስቤው አላውቅም ነበር። ብዙ ርካሽ ቻርጀሮች ድንጋዩ መሙላቱን አያውቁም። ሰዓት ብቻ ይቆጥራሉ። ለምሳሌ ለሰባት ሰዓት ያህል ከሞሉ በኋላ ይቆማሉ። መብራት አምስተኛው ሰዓት ላይ ሄዶ ተመልሶ ቢመጣ ቆጠራውን ከዜሮ ይጀምራሉ። ሌሊት ሁለት ሦስት ጊዜ ብልጭ ድርግም በሚልበት ሰፈር ድንጋዩ እስኪነጋ ይቀቀላል ማለት ነው። የባሱት ደግሞ ሰዓትም አይቆጥሩም። እናንተ ነቅላችሁ ካላወጣችኋቸው አይቆሙም። መብራት በማይቋረጥበት አገር ይህ ትንሽ ጉድለት ሊሆን ይችላል። እኛ ጋ ግን ድንጋይ ገዳይ ነው።

ስለዚህ ቻርጀር ስትገዙ የመጀመሪያው ጥያቄ ዋጋው አይደለም። ስንት ይይዛል የሚለውም አይደለም። መቼ ማቆም እንዳለበት በምን ያውቃል የሚለው ነው። ጥሩ ቻርጀር እያንዳንዱን ድንጋይ ለየብቻ ይከታተላል። በተለምዶ የምንጠቀመው የሚሞላ ዳብል ኤ ኒኬል ነው፤ ላዩ ላይ "ኤን አይ ኤም ኤች" (NiMH) የሚል የእንግሊዝኛ ፊደል አለው። ይህ ዓይነት ድንጋይ ሲሞላ ቮልቴጁ ትንሽ ከፍ ይልና መልሶ ዝቅ ይላል። ብልጡ ቻርጀር ያቺን ዝቅ ማለት ጠብቆ ይቆማል። የድንጋዩን ሙቀት አብሮ የሚለካም አለ። መብራት ሄዶ ቢመጣ እንደ አዲስ ቢጀምርም ድንጋዩ ሙሉ መሆኑን ቶሎ ይለይና ያቆማል።

ሱቅ ቆማችሁ ይህን በዓይን የምትለዩበት ቀላል መንገድ አለ። ለእያንዳንዱ ቦታ የራሱ መብራት ወይም የራሱ ቁጥር ካለው፣ አንድ ድንጋይ ብቻ አስገብታችሁም ከሠራ፣ ለየብቻ የሚሞላ ነው። "ሁለት ወይም አራት ብቻ አስገባ" የሚል ከሆነ ላሽ በሉት።

ፍጥነት ላይም አንድ ነገር ልበል። ቀስ ያለው ሁሌም ይሻላል የሚል ወሬ አለ። ለኒኬል ግማሽ እውነት ነው። በጣም በቀስታ ሲሞላ ያቺ የቮልቴጅ ምልክት ስለምትደክም ቻርጀሩን ልታመልጠው ትችላለች። 2000 ሚሊአምፒር-ሰዓት (የሚይዘው መጠን ነው) ለተጻፈበት ዳብል ኤ በ1000 ሚሊአምፒር አካባቢ ፍጥነት መሙላት ጥሩ ነው፤ ከሁለት ሰዓት ትንሽ አለፍ ብሎ ይሞላል። 800 ለሚለው ትሪፕል ኤ 400 አካባቢ ይበቃል። ስለዚህ ፍጥነቱ የሚመረጥ ቻርጀር ካገኛችሁ ጭማሪ ዋጋው አያስቆጭም። ኒኬል ሊሞላ ሲል ሞቅ ማለቱ ያለ ነው። በእጅ ተይዞ የማይቻል ከሆነ ግን አንድ ነገር ተበላሽቷል።

አሁን ወደ ሊቲየሙ። እዚህ ስህተት ከድንጋይ አልፎ ቤት ያቃጥላል።

ኒኬሉ 1.2 ቮልት ነው። የተለመደው ሊቲየም 3.7 ይባላል፤ ሞልቶ 4.2 ይደርሳል፤ ከዚያ ማለፍ የለበትም። ሊቲየምን የሚሞላ ቻርጀር 4.2 ላይ ይዞት ኤሌክትሪኩን ቀስ በቀስ እየቀነሰ ይጨርሳል። ለኒኬል ብቻ የተሠራ ቻርጀር ይህን አያውቅም። ሦስተኛ ዓይነትም አለ። አንዳንድ የሶላር ፋኖስ ውስጥ የሚገኘው ሊቲየም አይረን ፎስፌት 3.2 ቮልት ነው፤ 3.65 ላይ መቆም አለበት። ቅርጹ ከተራው ሊቲየም ጋር ቁርጥ አንድ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ጽሑፉ ላይ ብቻ ነው። ጽሑፉ የተላጠ ወይም የሌለው ሊቲየም ካጋጠማችሁ አትሙሉት።

ቅርጽ ያታልላል ስል ከሰማይ አምጥቼ አይደለም። ረዳቴ አንዴ ከአንዲት ትንሽ የእጅ ባትሪ ሁለት ድንጋይ አውጥቶ ማይኩ ውስጥ ከተተ። ልክክ ብለው ገቡ። ድንጋዮቹ 14500 የሚባሉ ነበሩ። ቁጥሩ መጠናቸውን ነው የሚናገረው፤ 14 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 50 ሚሊሜትር ርዝመት። ከዳብል ኤ ጋር መንታ ናቸው። ግን እያንዳንዱ ሙሉ ሲሆን 4.2 ቮልት ነው። 3 ቮልት የሚጠብቀው ማይክ 8.4 ተላከበት። ሽታው ቀድሞ መጣ፣ ከዚያ ማይኩ አበቃለት። ልጁን አልተቆጣሁትም። የሚመስለውን ድንጋይ ነው ያስገባው። ከዚያ ወዲህ 14500 ቦርሳዬ ውስጥ አይገባም። እናንተም ልጅ ባለበት ቤት ባታስገቡት ይመረጣል።

የቁጥሩን አነባበብ ካወቃችሁ ቻርጀር መምረጥም ይቀላል። 18650 ማለት 18 ሚሊሜትር ወፍራም፣ 65 ሚሊሜትር ረጅም። 21700 ደግሞ 21 በ70። መከላከያ ሰርኪት የተገጠመላቸው ጥቂት ሚሊሜትር ይረዝማሉ። አጥሮ የተሠራ ቻርጀር ላይ በግድ ሲገፉ አይቻለሁ፤ ልባሱ ይላጣል፤ የተላጠ ሊቲየም ደግሞ እሳት ነው። ስፕሪንግ ያለው፣ እየተሳበ የሚረዝም መያዣ ያለውን ምረጡ። በተቻለ መጠን ትልቁን ድንጋያችሁን ይዛችሁ ሂዱና እዚያው ሞክሩት።

አንድ ቻርጀር ለሁሉም ይሆናል ወይ? ለአብዛኛው ይሆናል። ኒኬልንም ሊቲየምንም እያወቁ የሚሞሉ አሉ። እንደ ኤክስታር ቪሲ4 ወይም ሊቶካላ ሊ-500 ያሉት አራት ቦታ አላቸው፤ በየቦታው ያለውን ድንጋይ ራሳቸው ለይተው ይጀምራሉ፤ ስክሪናቸው ላይ ቮልቱንና የገባውን ሚሊአምፒር-ሰዓት ያሳያሉ። የእኔ ሥራ የተቃናው እንዲህ ያለ አንድ ቻርጀር ከያዝኩ በኋላ ነው። ዳብል ኤውና 18650ው ጎን ለጎን ይሞላሉ። ብቻ ብዙዎቹ ከላይ ያልኩትን ባለ 3.2 ቮልት ሊቲየም አይለዩም። እሱ ካላችሁ ቻርጀሩ ለእሱ የሚሆን መምረጫ ያለው መሆኑን መመሪያው ላይ አረጋግጡ።

ከእነዚህ መካከል በዩኤስቢ የሚሠራውን እወዳለሁ። ምክንያቱ መብራት ነው። ሲጠፋ ፓወር ባንክ ላይ ሰክቼ እቀጥላለሁ። መኪና ውስጥም ይሠራል። ከአዳራሽ ወደ መልስ ቤት ስንሄድ የፍላሹ ድንጋይ መንገድ ላይ ይሞላል። ፓወር ባንኩ ግን 2 አምፒር መስጠት አለበት፤ ካልሆነ አራቱን ባንዴ ሲሞላ ይንቀራፈፋል።

ከውጭ ዘመድ የሚያስልኩ ይህን ልብ ይበሉ። እህቴ ከዋሽንግተን ጥሩ ስም ያለው ቻርጀር ይዛልኝ መጣች። የሶኬት መቀየሪያ አድርጌ ልሰካ ስል ጀርባውን አየሁት፤ 120 ቮልት ብቻ ይላል። የእኛ 220 ነው። መቀየሪያው የሚቀይረው የስፒናውን ጥርስ እንጂ ቮልቱን አይደለም። ብሰካው አንድ ጊዜ "ቷ" ብሎ ያበቃ ነበር። "100-240" የሚል ከሆነ የትም አገር ይሠራል። በዩኤስቢ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ይህ ጭንቀት የለም። ሊቲየም የሚያመጣላችሁ ሰው ካለም ትርፍ ባትሪ የሚያዘው በእጅ ሻንጣ ነው፤ የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድም። ጫፎቹን በፕላስተር ይሸፍንላችሁ።

ቁጥር አንብባችሁ አትሸወዱ። ገበያ ላይ 9900 የተጻፈበት 18650 ሞልቷል። የታወቁት አምራቾች በዚህ መጠን የሚሠሩት እንኳ በአብዛኛው 3500 አካባቢ ላይ ነው የሚቆመው። 9900 ካያችሁ ቁጥሩ ውሸት ነው፤ ድንጋዩም ፎርጅድ ወይም ከአሮጌ ላፕቶፕ ወጥቶ የተለበጠ ሊሆን ይችላል። ክብደቱም ይናገራል፤ ጤነኛ 18650 ከ45 እስከ 50 ግራም ነው። እጅ ላይ ቅልል የሚለውን ተዉት። ትልቁን ወፍራም ክብ ድንጋይ ስትገዙም ተመልከቱ። አንዳንዱ የሚሞላ ወፍራም ድንጋይ ውስጡ ዳብል ኤ ነው፤ ላዩ ባዶ ቆርቆሮ። 2500 ወይም ከዚያ በታች የሚል ከሆነ ጠርጥሩት። እውነተኛው 8000 ምናምን ይይዛል።

ሚሊአምፒር-ሰዓት የሚለካና ማራገፍም የሚችል ቻርጀር የሚክሰው እዚህ ላይ ነው። አዲስ ድንጋይ ስገዛ መጀመሪያ የምሠራው ሙሉ አድርጎ፣ አራግፎ፣ እንደገና ሞልቶ ምን ያህል እንደያዘ እንዲነግረኝ ማድረግ ነው። ፎርጅዱ ያኔውኑ ይጋለጣል። ባለሱቁ ጋ ስመለስም ክርክር የለም፤ ስክሪኑን ፎቶ አንስቼ አሳየዋለሁ።

ስለ ኒኬል ካነሳሁ፣ የድሮዎቹ ሞልተው መሳቢያ ውስጥ ቢቀመጡም ይጎድሉ ነበር። የጃፓኑ ሳንዮ በ2005 እ.ኤ.አ. ኤነሉፕ የተባለውን፣ ተቀምጦ ቶሎ የማይጎድል ድንጋይ ሲያወጣ ይህ ችግር ተቃለለ፤ ዛሬ ሌሎችም ይሠሩታል። ማሸጊያው ላይ "ሬዲ ቱ ዩዝ" ወይም "ፕሪ ቻርጅድ" የሚለውን ፈልጉ። ለሪሞትና ለሰዓት ከዚህ ሌላ አትግዙ። 2000 የሚለው ከ2500ው ያንሳል ብላችሁም አትናቁት፤ ከፍተኛ ቁጥር ያለው ብዙውን ጊዜ ዕድሜው አጭር ነው።

አሁን አራት አራቱን ድንጋይ በማርከር ቁጥር ጽፌባቸዋለሁ። አብረው ይገባሉ፣ አብረው ይወጣሉ። አንዱ ከደከመ ወደ ሪሞት ይዛወራል። ሊቲየም ስሞላ ሴራሚክ ላይ አስቀምጬ ነው፤ ምንጣፍና አልጋ አካባቢ አይደርስም፤ እኔም አልተኛም። አንዳንዴ ፈጽሞ ባዶ የሆነ ድንጋይ ስታስገቡ ብልጡ ቻርጀር "የለም" ይላችኋል። ኒኬል ከሆነ ያ አሮጌ ደደብ ቻርጀር ላይ ጥቂት ደቂቃ ብቻ አስቀምጣችሁ ብትመልሱት ሊነቃ ይችላል፤ የእኔን ያልጣልኩት ለዚህ ነው። ሊቲየም ከሆነ ግን ማንቃት አይሞከርም። ከ2 ቮልት በታች ወርዶ የቆየ ሊቲየም ለሥራ አይታመንም።

ቤታችሁ ያለው ሪሞትና የልጅ መጫወቻ ብቻ ከሆነ ይህ ሁሉ ጣጣ አያስፈልግም። ለየብቻ የሚሞላ ባለ አራት ቦታ የኒኬል ቻርጀር ግዙ፣ አለቀ። የእጅ ባትሪ ብቻ ካለ ደግሞ ባለ አንድ ቦታ የሊቲየም ቻርጀር ይበቃል። አሁን አሁን በራሳቸው ላይ የዩኤስቢ ቀዳዳ ያላቸው 1.5 ቮልት ዳብል ኤዎችም መጥተዋል። ውስጣቸው ሊቲየም ነው። በቀዳዳቸው ወይም ለእነሱ በተሠራ ቻርጀር ብቻ ሙሏቸው፤ የኒኬል ቻርጀር ላይ እንዳታስገቧቸው።

የኤልኢዲ መብራቱ ጠፍጣፋ ባትሪ ከሁሉም ውጭ ነው፤ ሁለት ሊቲየም በውስጡ ስላለ 8.4 ቮልት ላይ ነው የሚሞላው። የራሱ ቻርጀር አለው፤ እሱን አልነካካሁትም።

የቀረኝ ባለ 9 ቮልቱ ነው። ለእሱ የሚሆን ቻርጀር ማግኘት ከሁሉ አስቸጋሪ ነው። ኒኬሉ ራሱ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ለምሳሌ ባለ ስድስት ክፍሉ 7.2 ቮልት፣ ባለ ሰባቱ 8.4 ነው። ሊቲየሙ ደግሞ ሌላ። የአንዱ ቻርጀር ሁልጊዜ ለሌላው አይሆንም። በመጨረሻ በራሱ ላይ የዩኤስቢ ቀዳዳ ያለው ገዛሁ። በውስጡ ያለው ቮልት መቀየሪያ አንዳንድ ማይክ ላይ ሲርርር የሚል ድምፅ ያስገባል። የእኔ አሮጌ ማይክ ተቀብሎታል። የእናንተ ምን እንደሚል ሙሽራው ላይ ከማሰራችሁ በፊት ቤት ውስጥ በጆሮ ማዳመጫ ስሙት።